የጓሯችን ዲሽ የማን ነበር

ግንበኛው ሜትሩን ዘርግቶ ጓሯችንን ከአጥር እስከ አጥር ለካ። ለክቶ ሲጨርስ ትልቁ ዲሽ ሥር ቆመና ሽቅብ እያየ፣ «ይሄ ይነሣል አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ ይነሣል» አልኩት።

ያን ጊዜ ነገሩ ከዚህ ያለፈ አልመሰለኝም። የሴሚስተር እረፍት ላይ ነበርን። አስተማሪ ነኝ፤ ከሚሴ ውስጥ አባቴ ትቶልን ባለፈው ቤት ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ዐረብ አገር የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ከረመዳን በኋላ መጥቶ ሊያገባ ስለሆነ፣ ጓሮው ላይ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ይሠራልኝ ብሎ ነበር። ክፍሎቹ የሚያርፉበት ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ዲሹ የቆመበት።

ዲሹ ዛሬ በየጣራው ላይ የምናየው ዓይነት አይደለም። የድሮው ነው። አንድ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይደርስበትም። ወፍራም የብረት ቱቦ ላይ ታስሮ በሲሚንቶ ተተክሏል፤ ቀለሙ ተላልጦ ዝጓል። ገመዱን አይጥ በልቶት ይሁን ሰው ቆርጦት አላውቅም፣ ከተበጠሰ ግን ቆይቷል። ቴሌቪዥናችን የሚስበው ጣራው ላይ ባለችው ትንሿ ነው። ትልቁ ለእኛ የሚጠቅመን የልብስ ማስጫው ገመድ አንዱ ጫፍ እሱ ላይ፣ ሌላው ፓፓያው ላይ ስለታሰረ ብቻ ነበር።

እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ላይ ማሽላ ትለቅማለች። ከግንበኛው ጋር የተነጋገርነውን ሁሉ ሰምታለች። እሱ እስኪወጣ ጠብቃ፣

«ዲሹ አይነካም» አለችኝ።

«ለምን?»

«አማና ነዋ። የሰው አደራ።»

«የማን?»

«የሰውዬው።»

«የየትኛው ሰውዬ፣ እማ?»

ማሽላውን በእጇ ወደ ራሷ ሰበሰበችው። «የባቲው። ስሙ ጠፋኝ። ተመልሼ እወስደዋለሁ ብሎ አባትሽ እጅ ትቶት ሄደ። አባትሽም ሳይመልስለት አኼራ ሄደ። አሁን እኛ ነቅለን ለቁራሌው ብንሰጠው፣ ነገ አላህ ፊት ምን እንላለን?»

ሳቅኩ። እናቴ በዚያ ሰሞን ቁልፍ ያስቀመጠችበት ይጠፋት፣ የጎረቤት ልጆችን ስም ታቀያይር ነበር። ይሄም ከዚያ አንዱ መሰለኝ። ምክንያቱም ዲሹ የመጣበትን ቀን እኔው ራሴ አስታውሰዋለሁ።

ስድስት ወይም ሰባት ዓመቴ ነው። አንድ አይሱዙ በራችን ላይ ቆመ። ዲሹ በበር አልገባ ስላለ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ በአጥር ላይ አሻግሮ አስገባው። እኔ አለቅሳለሁ። ለምን እንደማለቅስ አላውቅም፣ ግን ማልቀሴን አውቃለሁ። አባቴ ነጭ ጃኬት ለብሷል። ከመሬት ብድግ አደረገኝና መሬት ላይ በጀርባው የተንጋለለው ዲሽ መሀል አስቀመጠኝ። «ዝም በይ፣ መካ ያሉ ሰዎች እያዩሽ ነው» አለኝ። ዝም አልኩ። መካ ያሉት ሰዎች እንዳይታዘቡኝ አፍንጫዬን ጠረግኩ።

አባቴ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበር። ወር ሁለት ወር እየጠፋ፣ ሬንጅ የነካው ጫማ ይዞ ይመጣና ሳንጠግበው ይሄዳል። ቤት ሲኖርም ብዙ አያወራም። ከእኔ ጋር እንደተጫወተ የማስታውሰው ያን አንድ ቀን ነው። ለጓደኞቼ፣ ለተማሪዎቼ፣ ሲሞትም ለለቅሶ ለተቀመጡት ሴቶች ደጋግሜ ያወራሁት ይሄንኑ ነው። ስለዚህ ዲሹ የአባቴ ለመሆኑ ከእናቴ ጋር መከራከር እንኳ አላስፈለገኝም።

ለወንድሜ ደወልኩለት።

«ዲሽ እኮ ነው!» አለኝ። «ዝገት ነው! ለቁራሌው ስጪው።»

«እማ አማና ነው ትላለች።»

«የምን አማና?»

«የባቲ ሰው ትቶት ነው የሄደው ትላለች። ግን ተሳስታለች፣ የአባዬ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ።»

«ወላሂ በይ።»

አፌን ከፈትኩ። ወላሂ ማለት አቃተኝ። ለምን እንዳቃተኝ አሁንም አላውቅም፤ የማውቀውን ነገር ነበር እኮ የጠየቀኝ።

«ሰው አማና ያለው ነገር ላይ ሙሽራ ይዤ አልገባም» አለና፣ «አጣሪው» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

በማግሥቱ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። የድሮዎቹን ዲሾች በከተማው ውስጥ የተከሉት እሳቸው ናቸው። የአንድ ሬዲዮ ሆድ ከፍተው አቀርቅረዋል።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሼ?»

«ነጋ፣ ነጋ። እናትሽ ፈያ?»

«አልሐምዱሊላህ። ጋሼ፣ እኛ ጓሮ ያለውን ዲሽ እርስዎ ነዎት የተከሉት?»

«ሁለቴ ነው የተከልኩት» አሉና ቀና አሉ። «መጀመሪያ እዚህ መናኸሪያው ጀርባ፣ የባቲው ሰውዬ ሻይ ቤት ነበር። የመካን ሶላት ሰው ሁሉ እዚያ ነበር ተሰብስቦ የሚያየው። ኋላ አባቱ ሞቶበት ሻይ ቤቱን ዘግቶ አገሩ ሲገባ፣ ነቅዬ እናንተ ጋ ተከልኩት።»

«አባቴ አይደለም ያመጣው? በአይሱዙ?»

የያዙትን መበየጃ አስቀመጡ። «አይሱዙስ ነበር።»

«አባቴስ?»

«ሊኖር ይችላል። እኔ እንኳ ዐይኔ ዲሹ ላይ ነበር። እንዳይሰበርብኝ ነዋ የምፈራው።» ከዚያ ፊቴን አይተው፣ «አብሽሪ» አሉኝ። «ሰውዬው በሕይወት አለ። ሰኞ ባቲ ወርደሽ፣ ግመል ተራ ላይ ከሚሴ ሻይ ቤት የነበራቸው ሐጂ ብለሽ ጠይቂ።»

እናቴ ትክክል ነበረች ማለት ነው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ልብስ ሳሰጣ እንኳ ዲሹን የሰው ዕቃ እንደምነካ ሆኜ ነበር የምነካው።

ሰኞ በጠዋት በሚኒባስ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ በሌላ ሚኒባስ ቁልቁል ባቲ ወረድኩ። ገበያው ሞልቷል። ከቆላ ግመል እየነዱ የወጡ አፋሮች፣ ከደጋ ጤፍ ጭነው የወረዱ ገበሬዎች፣ አቧራና ሙቀት። ግመል ተራ ደርሼ ስጠይቅ አንዱ ወደ አንድ ሌላ ሐጂ ላከኝ፤ እሳቸውም ሻይ ቤት ኖሯቸው እንደማያውቅ በትሕትና ነገሩኝ። በመጨረሻ አንዲት ቅቤ ሻጭ፣ «እሳቸው እኮ ገበያ መውጣት ከተዉ ቆዩ» ብላ ከገበያው ጀርባ ያለ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አሳየችኝ።

በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች። ሽማግሌው ጥላ ሥር አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል። ዐይናቸው ብዙም አያይም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«የመንገድ ሥራው ልጅ!» ብለው ለመቀመጥ ታገሉ። «አላህ ይዘንለት። መሞቱን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ዲሹ አለ?»

«አለ።»

«እስከ ዛሬ!» ብለው ሳቁ።

«የእርስዎ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«የኔ ነበር። ኋላ ለአባትሽ ሐላል ብዬዋለሁ፣ የራስህ ይሁን ብዬ። በስልክ። እሱ ግን፣ ‹በስልክ የተባለ አይበቃኝም፤ ወይ መጥተህ ውሰደው፣ ወይ ሰው ፊት በለው› አለኝ። አባትሽን ታውቂው የለ። እኔም ዛሬ ነገ ስል ጉልበቴ ከዳኝ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ስሚ፣ አንቺ ምስክር ነሽ። ዲሹን ለእነሱ ሐላል ብያለሁ፣ ለዱንያም ለአኼራም።»

«ሰምቻለሁ፣ አባባ» አለች።

አመሰገንኳቸው። ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር የወረደ መሰለኝ። የሄድኩበት ጉዳይ አልቋል፤ ያን ጊዜ ተነሥቼ ብወጣ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ግን ልጃቸው የግመል ወተት አምጥታ ስለነበር እሱን እስክጠጣ ተቀመጥኩ።

«ያቺ አልቃሻስ?» አሉ ሽማግሌው። «የት ደረሰች?»

«የትኛዋ?»

«ዲሹን እናንተ ጓሮ ያስገባን ዕለት ነው። አባትሽ ያን ቀን ጠዋት ወደ ሥራው ሄዷል። አንዲት ልጅ እሱን ብላ ታለቅሳለች፣ ታለቅሳለች፣ ሰው መሥራት አቃተው። እኔ ብድግ አደረግኳትና ዲሹ ውስጥ ቁጭ አደረግኳት። ‹ዝም በይ፣ መካ ያሉ ሰዎች እያዩሽ ነው› አልኳት። ወዲያው ዝም!»

ወተቱ እጄ ላይ ቆመ። እኔ ነኝ አላልኳቸውም። ያልኩት ሌላ ነው።

«ያን ቀን ነጭ ጃኬት ለብሰው ነበር?»

«ጃኬት?» አሰቡ። «ጃኬት እንኳ አልነበረኝም። የሻይ ቤቱን ነጭ ጋዋን ይሆናል። እሱን ለብሼ ነበር የምውለው።»

እጃቸውን አየሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ አሳርፈውታል፤ ቆዳውና አጥንቱ ብቻ የቀረ የሽማግሌ እጅ ነው። የአባቴን እጅ ለማስታወስ ሞከርኩ። ሊመጣልኝ አልቻለም።

ልጃቸው እስከ ሚኒባሱ ሸኘችኝ። መንገድ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ በዚህ ሰሞን ነገር ይደባልቃል» አለችኝ። «ባለፈው ሳምንት ሐረር ነው የተወለድሽው አለኝ። እኔ ሐረርን በዐይኔ አይቻት አላውቅም። የሚለውን ሁሉ አትመኚው።»

«ዲሹንም?»

«እሱን እንኳ ከድሮም ይለዋል። የልጅቷን ወሬ ግን እኔም ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»

በመንገዱ በሙሉ ይሄን አወጣሁ አወረድኩ። ሰውዬው ነገር ከደባለቁ፣ ቃሉን እንዳለ ከየት አገኙት? አባቴ በስልክ ነግሯቸው፣ ቆይቶ የራሳቸው መስሏቸው ይሆን? ወይስ የደባለቅኩት እኔ ነኝ? እኚያ ሰው ባሉት ከሄድኩ ለቅሶዬ እንኳ ምክንያት ያገኛል፤ አባቴ ያን ጠዋት ሄዶብኝ ነው የማለቅሰው። በራሴ ትዝታ ከሄድኩ ግን ያለ ምንም ምክንያት ነበር የማለቅሰው። ኮምቦልቻ ላይ መኪና ስቀይር የደሴውን ሚኒባስ ተሳስቼ ተሳፍሬ ረዳቱ ነው ያወረደኝ።

ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ነበረች።

«ሐላል ብለዋል፣ ልጃቸው ባለችበት» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አሳለፈች።

«እማ፣ ዲሹ የመጣ ዕለት አባዬ ቤት ነበር?»

«ነበር» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ቆይ፣ አልነበረም። ቦርከና ሞልቶ ጨፋን ውኃ የዋጠው ዓመት አይደል? ያኔ ድልድይ ሊጠግኑ ሄደው ነበር። ወይስ እሱ ከዚያ ወዲህ ነው?»

«ዲሹ ውስጥ ያስቀመጠኝስ ማን ነው?»

«አባትሽ ነዋ። አንቺው አይደለሽ እንዴ ስታወሪው የኖርሽው?»

«አንቺ አይተሻል?»

«እኔ ውስጥ ሆኜ ወንድምሽን አጠባለሁ፣ በምን አየዋለሁ?» ነጠላዋን አስተካከለች። «አባትሽ ግን አንቺ ያን ስታወሪ ዝም ብሎ ነበር የሚሰማሽ። አንድ ቀን፣ ‹እውነት እንዲህ ብለሃት ነበር?› ብለው፣ ‹ተያት› አለኝ።»

«ተያት ማለት ምን ማለት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ተያት አለኝ፣ ተውኩሽ።»

ይህንን ቃል ብዙ ገለባበጥኩት። ስንት ጊዜ እሱ እየሰማ አውርቼዋለሁ! ካደረገው፣ አዎ ብሎ አንድ ቀን እንኳ አለመሳቁ ለምንድን ነው? ካላደረገው፣ የሌላ ሰው ሥራ በስሙ ሲወራ ዝም ብሎ መስማቱ ለምንድን ነው? የሰው ዲሽ በስልክ ቃል አልቀበልም ያለ ሰው፣ ይህን እንዴት ተቀበለ? ለእኔ ብሎ ይሆናል። አፍሮ ይሆናል። ወይም እሱ ራሱ፣ ከሄደበት ሥራ ሁሉ ብዛት፣ የትኛው ቀን ቤት እንደነበረ አያውቅም ይሆናል።

ማክሰኞ ግንበኛው ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። «እናንሣው?» አለ።

«እስኪ ቆዩ» አልኩት።

እናቴ ከበረንዳው፣ «ምን ይቆያሉ? ሐላል ተብሏል፣ ያንሡት!» አለች። አይነካም ስትል የነበረችው እሷ አሁን ቸኮለች፤ ይነሣል ስል የነበርኩት እኔ እጄን ቱቦው ላይ አድርጌ ቆምኩ። ግንበኛው አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየና በሌላው በኩል መሠረት መቆፈር ጀመረ። ወንድሜ ደወለ።

«አማናው አለቀ አይደል?»

«አልቋል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እንጃ» አልኩት። ስለ ነጩ ጃኬት ልነግረው ፈለግኩ። እሱ ግን ያን ጊዜ ጡት የሚጠባ ሕፃን ነበር፤ ከአባቴ ጋር የእሱ የሆነ ትዝታ ይኑረው አይኑረው ጠይቄው እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በዚያም ሰዓት አልጠየቅኩትም።

ሦስት ቀን አቆየኋቸው። ዐርብ ጠዋት ግንበኛው፣ «እትዬ፣ ከዚህ በኋላ መሥሪያ ቦታ የለኝም» ሲለኝ፣ አንሡት አልኩ። ቱቦውን በግራይንደር ቆረጡት። ሦስት ሆነው ይዘውት ሳለ ወደ አንድ ጎን አዘነበለና ሊጥላቸው ነበር፤ እንደምንም ፓፓያው ሥር አጋደሙት። ለጁምዓ ሲወጡ ጓሮው ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ዲሹ ያኔ እንደነበረው በጀርባው ተንጋሎ፣ መሀሉ ላይ የወፍ ኩስና ደረቅ ቅጠል ይዟል። ልቀመጥበት አሰብኩ። ብቀመጥበት የሆነ ነገር ትዝ ይለኛል፣ የያዘኝ እጅ የማን እንደሆነ ጀርባዬ ያውቀዋል ብዬ። ቀሚሴን ሰበሰብኩ። ከዚያ ዝገቱ እንዳይነካኝ ፈራሁና ተውኩት። ለዚያ ለዚያ ለምን ሦስት ቀን ሰው እንዳስጠበቅኩ አላውቅም።

ቁራሌው በየጠዋቱ እየጮኸ ሲያልፍ በአጥሩ ላይ አንገቱን እያሰገገ ያየው ጀመር። ለእሱ መስጠት አልሆንልሽ አለኝ። ጎረቤታችን በርበሬ ማድረቂያ ትፈልገው ነበር፣ ግን በበሯ አይገባም። በመጨረሻ የእናቴ የአጎት ልጅ፣ ጨፋ ሜዳ ላይ የሚያርስ ገበሬ፣ ሊጠይቀን መጥቶ አየው። በዙሪያው ሁለት ጊዜ ዞረ። በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ውኃ ይይዛል?» አለኝ።

«እንጃ፣ መሀሉ ላይ የብሎን ቀዳዳ አለው።»

«እሱን በሲሚንቶ እደፍነዋለሁ። ለጥጆቹ ማጠጫ ይሆነኛል።»

«ውሰደው» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ። በጋሪ ጫነው፤ ከጋሪው በሁለቱም በኩል ተርፎ መንገዱን ስለያዘ አንድ ባጃጅ እስከ አስፋልቱ ድረስ ጡሩንባውን እየነፋ ከኋላው ሄደ።

ከዒዱ በፊት እናቴን ይዤ ጨፋ ሄጄ ነበር። ዲሹ ከግቢው በታች፣ ጠርዙ በድንጋይ ተደግፎ፣ ውኃ ሞልቶበታል። ሦስት ጥጆች ይጠጣሉ። ሲሚንቶው በአንድ በኩል ያንጠባጥባል። የሆነ ስሜት ይሰማኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ጥጆቹ ጠጥተው ጨርሰው ሄዱ።

«የአባትሽ ነበር አይደል?» አለኝ ዘመዳችን።

«እኛ ጋ ነበር» አልኩት።

ሰርቪሱ በጊዜው አለቀ። ወንድሜ መጣ፤ ሠርጉም ሆነ። ከሠርጉ በፊት፣ በዒዱ ቀን፣ ስትሸኘኝ ቁጥሯን ለሰጠችኝ ለባቲዋ ልጅ ደወልኩላት፤ ሰላም ተባብለን ስልኩን ለአባቷ ሰጠችልኝ። ያቺ አልቃሻ እኔ ነበርኩ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደምላቸው ግን አላወቅኩም። ላመስግናቸው? ወይስ ትዝታዬን መልሱልኝ ልበላቸው?

«ዒድ ሙባረክ፣ ሐጂ» አልኳቸው። «ባቲ ዝናብ አለ?»

«ዝናብ?» አሉና ስለ ዝናቡ ያወሩኝ ጀመር።